«ተመስገን» ስንል ከልባችን ነው ወይስ ከአፋችን?

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ሰላም በሉት። «እንደምን ሰነበቱ?» መልሱን ገና አፉን ሳይከፍት ታውቁታላችሁ። «ተመስገን!» «ልጆቹ ደህና ናቸው?» «ተመስገን!» «ከብቶቹስ?» «እግዚአብሔር ይመስገን!» «አዝመራውስ እንዴት ነው?» «ተመስገን ነው!»

እስቲ ትንሽ ቆየት በሉና አብራችሁት ተቀመጡ። ጠላው ወይ ቡናው ቀርቦ ወሬው ሲሞቅ ሌላው ይከተላል። ለካ ልጁ ትኩሳት ከያዘው ሳምንት አልፎታል። ለካ አንዷ ላም ሞታለች። ለካ የማዳበሪያው ዕዳ ገና አልተከፈለም። ታዲያ ያ ሁሉ «ተመስገን» ምን ነበር? ውሸት ነው? ይሉኝታ ነው? ልማድ ነው? ወይስ እኛ ከተማ ያለነው ሰዎች ያጣነው የእምነት ጥንካሬ?

ጥያቄው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ይህች አንዲት ቃል የወደቀ ሰው የምታነሳ ጸሎት ልትሆን ትችላለች። ያመረቀዘ ቁስል የምትሸፍን ጨርቅም ልትሆን ትችላለች። ሁለቱን ካልለየን «ተመስገን» እያልን ራሳችንንም ሌላውንም እንጎዳለን። ዛሬ በዚህ ዓምድ ለአንድ ክርስቲያን እግዚአብሔርን ማመስገን ማለት ምን እንደሆነ፣ ምንስ እንዳልሆነ በምዕራብ ጎጃም ኑሮ ውስጥ እየተዘዋወርን እናያለን።

አንደበታችን የሞላው ምስጋና

አማርኛችንን ልብ ብላችሁ አዳምጡት። ሰው ውለታ ሲውልልን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ምን ማለት ነው? እኔ ብድርህን መመለስ አልችልም፣ እሱ በኔ ፈንታ ይክፈልህ ማለት ነው። የወለደችን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። ከበሽታ ለተነሳ «እንኳን እግዜር ማረህ» ይባላል። በዓል ሲደርስ «እንኳን አደረሳችሁ» እንላለን፣ መልሱም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። «አብሮ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ! ብቻውን ለደረሰ ሰው ምስጋናው ጎዶሎ ነው ማለት ነው።

ስሞቻችንስ? በጎጃም ገጠር አንድ ትምህርት ቤት ገብታችሁ የስም መጥሪያ ብትከፍቱ ምስጋናው፣ ተመስገን፣ ይመስገን፣ ስጦታው የሚሉ ስሞች ይደረደሩላችኋል። አባትየው ልጁን በጠራ ቁጥር ያመሰግናል። ልጁ በጎቹን እህል ውስጥ ለቆ ሲጫወት ተገኝቶ «አንተ ምስጋናው! ና ወዲህ!» ተብሎ ዱላ ሲመዘዝበት እንኳ ምስጋናው አልቀረም!

ወደ ቤተ ክርስቲያንም እንግባ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትጠቀምባቸው 14 ቅዳሴያት አሉ። የእያንዳንዱ እምብርት የሆነው ጸሎት «አኰቴተ ቁርባን» ይባላል። አኰቴት በግዕዝ ምስጋና ማለት ነው። ግሪኮችም ቁርባንን የሚጠሩበት «ኤውካሪስቲያ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ያው ምስጋና ነው። እንግዲህ ለክርስቲያን ምስጋና ከጸሎት በኋላ የምትጨመር ትርፍ ነገር አይደለችም። ዋናው ጸሎት ራሱ ምስጋና ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ምእመናን ቆመው «ጌታ ይህን አደረገልኝ» ብለው የሚመሰክሩበት ጊዜ አለ። መልኩ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ስለዚህ ቃል አልቸገረንም። የቸገረን ሌላ ነው። ቃሉ በዝቶ በዝቶ ልክ እንደ በር ማንኳኳት ሆኖብናል። ስናንኳኳ እንውላለን፣ የማንን በር እንደምናንኳኳ ግን አናስብም።

ገበሬው የሚያውቀው፣ ደመወዝተኛው የረሳው

ምዕራብ ጎጃም እህል የሚወጣበት አገር ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ ስንዴው... የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ በርበሬማ ገበያ ሲወጣ ገና በሩቁ ያስነጥሳል! እዚህ አገር ያለ ገበሬ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ማረሱ የሱ ነው። ማረሙ የሱ ነው። በሬውም፣ ሞፈሩም፣ ላቡም የሱ ነው። ዝናቡ ግን የሱ አይደለም። ሰኔ ላይ ዘግይቶ ቢጀምር፣ መስከረም ላይ ያለ ጊዜው ቢያቆም፣ ጥቅምት ላይ በረዶ ቢወርድ ምንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አውድማው ሲሞላ «በጉልበቴ አመጣሁት» ለማለት አንደበቱ አይታዘዝለትም።

ደመወዝ በወር የሚቀበል ሰው ግን ይህን በቀላሉ ይረሳል። ገንዘቡ የሚመጣው ከመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ዳቦው ከዳቦ ቤት ነው፣ ውሃው ከቧንቧ ነው። መብራት ሲጠፋ እንጂ ሲበራ «ተመስገን» የሚል የለም። ውሃ ሲቋረጥ እንጂ ሲወርድ ትዝ አይለንም። በቀላሉ የሚገኝ ነገር ሁሉ ከምስጋና መዝገብ ይሰረዛል።

ገበሬው ምስጋናውን በአፉ ብቻ አይተወውም። አስራት የሚያወጣ አለ። ከመጀመሪያው ፍሬ በኩራት ብሎ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ አለ። አውድማ ላይ የደረሰ መነኩሴ፣ ችግረኛ፣ የቆሎ ተማሪ ባዶ እጁን ቢመለስ ነውር ነው። የዝክሩና የጽዋው ማኅበርም ያው ነው። በወር በወሩ፣ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔዓለም እየተባለ ከቤት ቤት ይዞራል። ሙሴው ማኅበርተኛውን ይሰበስባል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። ያልመጣው «ምን ሆኖ ቀረ?» ይባላል፣ ታሞ ከሆነ ይጠየቃል፣ ተቸግሮ ከሆነ ይረዳል። ምስጋና እዚህ ላይ መድን ድርጅት ሆኖ ይሠራል ብንል አጋነናችሁ አትበሉን።

ጎጃም የቅኔ አገር ነውና የቆሎ ተማሪውን ነገር እናንሳ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። አንዱ ቤት እንጀራ ይሰጠዋል፣ አንዱ ቤት ውሻ ይለቅበታል። በልጅነታቸው በዚህ ሕይወት ያለፉ፣ ኋላ በፍኖተ ሰላም ከተማ መምህር የሆኑ አንድ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወጉ እንዲህ ይላሉ፦

«የነከሰኝን ውሻ ጠባሳ እስካሁን እግሬ ላይ አለ። ትኩስ እንጀራ በአዋዜ አድርገው የሰጡኝን እናትም ፊታቸውን አልረሳሁትም። ሁለቱንም አስታውሳለሁ። ማታ ስተኛ ግን ማንኛውን እያሰብኩ ልተኛ የሚለውን የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ይህችን አባባል ያዙልን። አመስጋኝ ሰው ውሻው እንዳልነከሰው አያስመስልም። ጠባሳውን አይክድም። ነገር ግን እንጀራውንም አይክድም!

«ስለቴን አስገባሁ፣ ለምን አልቀለለኝም?»

አንዲት የቡሬ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ዓመት በብድር ብዙ በርበሬ ገዝተው አከማቹ። ዋጋው ወደቀ። አበዳሪው በር ላይ መቆም ጀመረ። ወይዘሮዋ ተጨነቁ፣ ለማርያም ተሳሉ። «ከዚህ ጉድ ካወጣሽኝ ጥላ አስገባለሁ» አሉ። እንዳሉትም ዋጋው ተመለሰ፣ ዕዳው ተከፈለ፣ ትርፍም ተገኘ። ወይዘሮዋም ቃላቸውን አላጠፉም። በወርቅ ቀለም ያሸበረቀ ጥላ ገዝተው፣ በእልልታ ታጅበው አስገቡ።

ከዚያ በኋላ ግን ልባቸው አልቀለለም። ከንስሐ አባታቸው ፊት ቀርበው «አባቴ፣ ስለቴን አስገብቻለሁ፤ ለምንድነው አንድ ነገር የቀረብኝ የሚመስለኝ?» ብለው ጠየቁ።

አባም ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ ያ በርበሬ ያን ጊዜ ዝናብ ሳይመታው ማን አተረፈልሽ?» አሏቸው።

ወይዘሮዋ አስታወሱ። አንድ ሌሊት ነፋስ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ገንጥሎት ነበር። ከዚያው ደጅ የሚያድር አንድ ተሸካሚ ልጅ በጨለማ ጆንያ እየጎተተ፣ በላስቲክ እየሸፈነ፣ ሲነጋ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ተገኘ። እሳቸውም «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ብለው የአንድ ቀን የሻይ ዋጋ ሰጡት። አለቀ።

«ጥላውን ማርያም ተቀብላዋለች» አሉ አባ። «ልጁንስ ማን ተቀበለው?»

እንግዲህ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እግዚአብሔር ያደረገልንን ነገር ያደረሰልን ሰው አለ። ዝናብ በደመና እንደሚመጣ ሁሉ በረከትም ብዙውን ጊዜ በሰው እጅ ነው የሚመጣው። ላኪውን እያመሰገኑ መልእክተኛውን በርሃብ ማስቀረት ምን የሚሉት ምስጋና ነው? ወይዘሮዋ ልጁን ፈልገው አገኙት። ማታ ማታ እንዲማር ደብተር ገዙለት፣ መጋዘን ጠባቂ አድርገው በደመወዝ ቀጠሩት። ያኔ ቀለላቸው።

ስለትን እየነቀፍን አይደለም። የጎጃም ሰው ለስለት ሩቅ አገር ይሄዳል። ሰከላ ወረዳ፣ የዓባይ መፍለቂያ ወደሆነው ግሽ ዓባይ በየዓመቱ ጥር 13 ቀን የጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ሲከበር ምእመናን ለጸበሉ ይጎርፋሉ። የተፈወሰ ሊያመሰግን፣ የታመመ ሊለምን ይሄዳል። የደላው ደግሞ እስከ ቁልቢ ገብርኤል ይዘልቃል። መልካም ነው! ነገር ግን ስለት ንግድ ሲሆን ያስፈራል። «አንተ ይህን ስጠኝ፣ እኔ ያን እሰጥሃለሁ» ብቻ ከሆነ ሒሳቡ የተዘጋ ዕለት እግዚአብሔርም ይረሳል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ ያለውን ታሪክ ታስታውሱታላችሁ። አሥር ለምጻሞች ጮኹ፣ አሥሩም ተፈወሱ። ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሌላ ወገን የሆነ ሳምራዊ። ዘጠኙ ክፉዎች ነበሩ? አይመስለንም። ቸኩለው ይሆናል። ሚስት ትጠብቃለች፣ ልጅ ናፍቋል፣ ገበያ ቀርቷል... የኛም ነገር ይኸው ነው። ምስጋናን የሚያስረሳን ክፋት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ጥድፊያ ነው።

«ከሱ እሻላለሁ» የሚሉት ምስጋና

ሌላም አደገኛ ምስጋና አለ። አንድ አካል ጉዳተኛ ሲያልፍ እናያለን፣ ከንፈራችንን መጠጥ እናደርግና «ተመስገን፣ እኔ ሙሉ ሰው ነኝ» እንላለን። ጎረቤት ቤቱ ሲቃጠል «ተመስገን የኛን አለፈልን» እንላለን። ሴትዮዋ መካን መሆኗን እያወቅን ከፊቷ የልጆቻችንን ብዛት እየቆጠርን «ተመስገን!» እንላለን።

ይሄ ምስጋና ሳይሆን ፉክክር ነው! ያ ሰው የኛ የምስጋና ማጣፈጫ ሊሆን አልተፈጠረም። ደግሞም ይህን ጸሎት ቀድሞን የጸለየ አለ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ ቤተ መቅደስ ቆሞ ሲጸልይ ያቀረበው ልመና ሳይሆን ምስጋና ነበር። እንደ ሌሎቹ ኃጢአተኞች፣ በተለይም ከበስተኋላ እንደቆመው ቀራጭ ስላልሆነ ነበር ያመሰገነው። ጸድቆ የተመለሰው ግን ደረቱን እየመታ ምሕረት የለመነው ቀራጭ ነው። ልብ በሉ፣ በምስጋናም ይኮነናል!

ታዲያ ከኛ የባሰበትን ስናይ ምን እንበል? ትክክለኛው ምስጋና እጅን ያንቀሳቅሳል። «ተመስገን፣ ለኔ እግር ሰጥተኸኛል» ያለ ሰው ቀጥሎ «ይህችን ውሃ ልቅዳለት» ማለት አለበት። እጅን ያላንቀሳቀሰ «ተመስገን» ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ነው።

በሰላም መንገድ ላይ ሰላም ሲጠፋ

ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከተማዋ ድሮ ወጀት ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያወጡላት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንደሆኑ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው ጎጃምን አቋርጠው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደርሰዋል። ጣሊያን ቡሬን የለቀቀውም በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነበር። አምስት ዓመት የተዋጋ፣ ዘመዱን የቀበረ፣ ቤቱ የተቃጠለበት የጎጃም ሕዝብ ያን ጊዜ «ተመስገን» ሲል በምን አፉ ነበር?

ጥያቄው የድሮ ብቻ ቢሆን በወደድን! ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ይህንኑ አካባቢ አላለፈውም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ ዕለት፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ በወቅቱ ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረው ነበር። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት የከረመበት ቀበሌ ብዙ ነው። በዚህ መሀል ያለችን እናት «ተመስገን በይ» ማለት ይቻላል?

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የሚኖሩ እናት ልጃቸውን በዚያ ግጭት አጡ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ተመስገን ይበሉ እንጂ፣ ሌሎቹ ልጆች አሉልዎት» ይላቸው ነበር። እሳቸው ግን አንድ ቀን ብድግ ብለው «ምኑን ነው የማመሰግነው? እናንተ ቤት ልጆቻችሁ ይጠብቋችኋል!» አሉና ወጥተው ጓሮ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። «እምነቷን ጣለች» ያለም አልጠፋ።

አንዲት አሮጊት መነኩሲት ግን ተከትለዋቸው ወጡ። ምንም ሳይናገሩ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ቆይተው «አልቅሺ፣ ልጄ። ዳዊትም አልቅሷል» አሏቸው። ይኸው ብቻ።

እማሆይ እውነታቸውን ነው! ዳዊት የሚደግሙ አባቶች ያውቁታል። በ150ዎቹ መዝሙራት ውስጥ ብዙ ምስጋና አለ፣ ብዙ እሮሮም አለ። «ለምን ተውከኝ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ» የሚል መንፈስ ያለበት መዝሙር ከምስጋናው መዝሙር ጋር በአንድ መጽሐፍ ተጠርዟል። ያወጣው የለም። ኢዮብም ልጆቹን ባጣ ጊዜ እግዚአብሔርን ባርኳል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ሁለቱም የአንድ ጻድቅ አፍ ነው። እግዚአብሔር ፊት ማልቀስ ምስጋና ቢስነት አይደለም። ማጉረምረሙን ወደሱ ያዞረ ሰው እሱ እንደሚሰማ አምኗል ማለት ነው።

ያቺ እናትስ? ወራት አለፉ። አንዲት ጎረቤት ማንም ሳያዛት በየማለዳው አንድ እንስራ ውሃ እየቀዳች በራቸው ላይ ታስቀምጥ ነበር። አንድ ጠዋት እናትየው እንስራውን አዩና ለመጀመሪያ ጊዜ «ተመስገን» አሉ። ስለ ልጃቸው ሞት አላመሰገኑም። ስለ ውሃው አመሰገኑ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በሁሉ አመስግኑ ብሎ መጻፉን ብዙዎች «ስለ ክፉውም ሁሉ አመስግኑ» አድርገው ይተረጉሙታል። በሁሉ ውስጥ ሆኖ ማመስገን ሌላ፣ ስለ ሁሉ ማመስገን ሌላ ነው። በጨለማ ውስጥ ሆኖ ስለ ኩራዟ ማመስገን ይቻላል። ጨለማውን ማመስገን ግን ማንም አላዘዘንም።

የሩቁንም እንይ። ዛሬ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በኅዳር ወር ዶሮ ወጡን ከተርኪው ጋር አቅርበው የሚያከብሩት የምስጋና ቀን መነሻው ድሎት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1620 ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ከሄዱት 102 መንገደኞች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ብርዳም ወራት አልቀዋል። በ1621 መከሩን ሰብስበው የበሉት የተረፉት ናቸው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ቀኑ በአገር ደረጃ እንዲከበር ያወጁትም በ1863 ነው፤ አገራቸው እርስ በርሷ በምትጫረስበት ጊዜ! ምስጋና የጠገበ ሰው ጨዋታ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አይዘልቅም ነበር።

«ተመስገን» ሐኪም ቤት አያስቀርም

አሁን ወደ ጠንካራው ነገር እንምጣ። «ተመስገን» አንዳንዴ ይገድላል! እንዴት በሉን።

አንድ አባወራ ለወራት ይስላል። ሌሊት ያልበዋል፣ ሰውነቱ ይከሳል። ሚስቱ «ኧረ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትለው «ተመስገን ደህና ነኝ፣ ብርድ ነው» ይላል። ይህ ምስጋና ሳይሆን ፍርሃት ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው የሚሰጠው። አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል፣ ሳያቋርጡ ከወሰዱት ያድናል። ዝም ካሉት ግን ሚስትም ልጆችም ላይ ይተላለፋል። ሐኪሙንም፣ መድኃኒቱንም የሰጠው እግዚአብሔር ከሆነ መድኃኒቱን መዋጥ ራሱ ምስጋና ነው! ጸበሉን የሚጠጣም ይጠጣ፤ ክኒኑን ግን አያቋርጥ።

አንዲት ሚስት ደግሞ ባሏ በየጊዜው ይደበድባታል። እናቷ ሲጠይቋት «ትዳሬ ተመስገን ነው» ትላለች። ፊቷ ያበጠውን «በር መታኝ» ትላለች። እህቴ፣ ይህን ዝምታ እግዚአብሔር አልጠየቀሽም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል ብሎታል። ለንስሐ አባትሽ፣ ለምታምኛቸው ዘመዶች፣ ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ መናገር ትችያለሽ። ሕይወትሽ ስጦታ ነው። ስጦታን መጠበቅም ማመስገን ነው።

ልጆችንም እናስብ። ልጁ ተሰብሮ መጥቶ «አባባ፣ ትምህርት ቤት እንዲህ ሆንኩ» ሲል «ተመስገን በል፣ እኛ በባዶ እግራችን ነው የተማርነው» ብለን አፉን እንዘጋዋለን። ልጁ የሚማረው ምስጋና አይደለም። «ችግሬን ለዚህ ሰው ብነግረው ዋጋ የለውም» የሚለውን ነው። መጀመሪያ ይሰማ። ምስጋናው በኋላ ይደርሳል።

ጥናቱስ ምን ይላል?

ይህ ሁሉ የሃይማኖት ወሬ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር እንጨምር። ሮበርት ኤሞንስና ማይክል መከላ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ተማሪዎችን በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ለ10 ሳምንታት በየሳምንቱ የሚያመሰግንባቸውን እስከ አምስት ነገሮች እንዲጽፍ፣ ሁለተኛው ያበሳጩትን እንዲጽፍ፣ ሦስተኛው ያጋጠመውን ሁሉ እንዲሁ እንዲጽፍ አደረጉ። የመጀመሪያዎቹ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው፣ ስለሚመጣው ሳምንትም ተስፋቸው በለጠ፣ ብስጭቱን ሲጽፉ ከከረሙት ይልቅም ስፖርት የሚሠሩበት ጊዜ ረዘመ።

ተአምር ነው አንልም። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጥቅሙ መጠነኛ መሆኑን አሳይተዋል። ድብርት ወይም ከባድ ጭንቀት የያዘው ሰው ማስታወሻ ደብተር ይዞ ብቻውን አይድንም፣ ሕክምና ያስፈልገዋል። ቢሆንም የኛ አሮጊቶች ማታ ከመተኛታቸው በፊት ጣታቸውን እየቆጠሩ «ለዚህም ተመስገን፣ ለዚያም ተመስገን» የሚሉት ነገር ከንቱ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ልዩነቱ አንድ ነው። ተማሪው በደብተሩ ላይ ይጽፋል። አሮጊቷ ግን የምትነግረው አላት።

እንግዲህ እንዴት እንጀምር?

ለአንባቢያን ይጠቅማል ያልነውን አሳጥረን እናስቀምጥ።

1. ለይታችሁ አመስግኑ። «ለሁሉም ተመስገን» ብቻ አትበሉ። «ዛሬ ሕፃኗ ትኩሳቷ ስለበረደ፣ በሬው ስለተነሳ፣ ያ ሰው ብድሩን ስላራዘመልኝ» በሉ። ስም የሌለው ምስጋና ቶሎ ይተናል።

2. ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ቁጠሩ። የተማረ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ይጻፈው። ከዓመት በኋላ ስታነቡት የረሳችሁት ደግነት ብዛት ያስደነግጣችኋል።

3. መልእክተኛውን አትርሱ። እግዚአብሔርን ያመሰገናችሁበትን ነገር በማን እጅ ላከላችሁ? አዋላጇ፣ መምህሩ፣ ሹፌሩ፣ ተሸካሚው... በዚህ ሳምንት ለአንዱ በስሙ ጠርታችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» በሉት። ዕዳ ያለበት ውለታ ከሆነም በቃል ብቻ አትሸኙት።

4. ለምስጋና ብላችሁ ዕዳ አትግቡ። ልጅ ዳነ ተብሎ በሬ አስይዞ ድግስ መደገስ፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ከአቅም በላይ ዝክር ማውጣት ለጎረቤት ዓይን እንጂ ለእግዚአብሔር የቀረበ አይደለም። አንዲት መበለት ሁለት ሳንቲም አስገብታ ከሁሉ እንደበለጠች አትዘንጉ።

5. ላዘነ ሰው ምስጋና አትዘዙ። አብራችሁት ተቀመጡ፣ ውሃ ቅዱ፣ ከብቱን አግዱለት። «ተመስገን» የሚለው ቃል ከራሱ አፍ ሲወጣ ነው የሚያምርበት።

6. ችግራችሁን አትደብቁበት። «ተመስገን» ካላችሁ በኋላ «ነገር ግን ይህ ይጎድለኛል፣ እርዱኝ» ማለት ክህደት አይደለም።

7. ከልጆች ጋር ተለማመዱት። ገበታ ከፍ ሲል ሽማግሌው ብቻ ከሚመርቅ አንዳንዴ ሕፃኑ «ዛሬ ምን አስደሰተህ?» ተብሎ ይጠየቅ። የሚመልሰው ነገር ያስቃችኋል፣ ያስተምራችኋልም።

በመጨረሻም ያን በመንገድ ያገኘነውን ሰው አንፍረድበት። ላሙ ሞታ፣ ልጁ ታሞ «ተመስገን» ያለው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ምናልባት «ገና አለሁ፣ አንተም ጠይቀኸኛል» ማለቱ ይሆናል። ፈንታው የኛ ነው። «ተመስገን» ሲለን በቃ ብለን ከማለፍ ቆም ብለን «ደግሞስ? ልጅህ እንዴት ነው?» እንበለው። ይህች ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት የሱን «ተመስገን» እውነት የምታደርገው። ማን ያውቃል፣ ማታ ጣቱን ሲቆጥር አንዷ ጣት ላይ እናንተን ይቆጥራችሁ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን!